ከቀበቶው በፊት ጠሃራው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ልጆቻቸውን ቴኳንዶ የሚያስተምሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ተማሪው ለአሰልጣኙ ሲያጎነብስ ሸሪዓው ምን ይላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። እኛን የሚገርመን ግን ሌላ ነው። ስለ ማጎንበሱ ይህን ያህል የሚጨነቀው ወላጅ፣ ልጁ በሳምንት ሦስት ቀን ስለሚገባበት የማሰልጠኛው ሽንት ቤት አንድም ቀን ጠይቆን አያውቅም። ውሃ አለው ወይ? በሩ ከውስጥ ይዘጋል ወይ? ልጁ በባዶ እግሩ ገብቶ በባዶ እግሩ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ይቆማል ወይ? በዚህ ወር ዓምዳችን፣ ሰው በአደባባይ ሊያወራው የሚያፍርበትን ይህን ጉዳይ ልናነሳ ወደናል። ዲናችን በዚህ ጉዳይ አላፈረም። የፊቅህ ኪታቦቻችን የሚከፈቱት በጠሃራ ምዕራፍ እንደሆነ መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ቴኳንዶ ስሙን ያገኘው በኮሪያ በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ። አገራችንም በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በሰለሞን ቱፋ አማካይነት በ58 ኪሎ ተሳትፋለች። ስፖርቱ ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከግሸን አምባ ሥር ያለን ሰዎች ልጅ ሲያድግ ለትምህርት ወደ ውጫሌ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደሴ እንልካለን፤ የተላከው ልጅም ከደብተሩ ጋር ነጭ ቀበቶ አንጠልጥሎ መመለሱ እንግዳ ነገር አይደለም። አካልን ማጠንከር በዲናችን የተወደደ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ ግን ኸይር መኖሩን አስተምረዋል። ስለዚህ ልጆቻችን ይሠልጥኑ። ነገር ግን ብርታቱ ከጠሃራ ጋር ይሁን።

ባዶ እግርና ነጃሳ

ቴኳንዶ፣ ካራቴም ሆነ ጁዶ የሚሠራው በባዶ እግር ነው። የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው። በኳስ ሜዳ ጫማ አለ፤ እዚህ ግን ሽንት ቤቱን የረገጠው እግር ራሱ ምንጣፉን ይረግጣል። በዚያው ምንጣፍ ላይ ልጆች ይንከባለላሉ፣ ፊታቸውንና እጃቸውን ያስነካሉ። መግሪብ ሲደርስ ደግሞ ብዙዎቹ እዚያው ይሰግዳሉ። ሽንት ያረጠበው ወለል ላይ የቆመ እርጥብ እግር ነጃሳውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚሰገድበት ቦታ ደግሞ ጠሃራ መሆን አለበት። በሰሒሕ ሐዲስ እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሁለት መቃብሮች አጠገብ ሲያልፉ ከሁለቱ ሙታን አንደኛው የሚቀጣው ከሽንት ባለመጠንቀቁ እንደሆነ ተናግረዋል። ይህን የሰማ ሰው የሽንት ቤት ወለልን ጉዳይ እንደ ቀላል አያየውም።

የጤናው ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጭርትና በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው ፈንገስ እርጥብ ወለል ይወዳሉ፤ ባዶ እግሮች በሚጋሩት ቦታም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ተቅማጥ የሚያመጡ ተህዋስያንም ከሽንት ቤት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳሉ። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ድረስ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የተመከረው በጥቂት ነገሮች ነበር፤ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙናና የተጠበቀ ሽንት ቤት።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሽንት ቤቱ በር ላይ አራት ወይም አምስት ጥንድ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ይቀመጥ። ትልቅም ትንሽም እግር የሚያስገባ ይሁን። ሕጉ አንድ ነው፤ ያለ ነጠላ ጫማ ወደ ሽንት ቤት አይገባም፣ ነጠላ ጫማውም ወደ ምንጣፉ አይመጣም። ነጠላ ጫማዎቹ በሳምንት አንድ ቀን በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ ይዋሉ። አሰልጣኙ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ትምህርት ጋር ካስተማረው፣ ልጁ ቆሞ ሰላምታ መስጠትን እንደሚለምድ ሁሉ ይህንንም ይለምደዋል።

ውሃ ሲያንስ

"ውሃ ከየት ይምጣ?" የሚለን ይኖራል። ቧንቧው ሲመጣ እንጂ ሁልጊዜ እንደማይኖር እኛም የምንኖርበት ነገር ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ማለት ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚታፈስ ያህል ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። ዛሬ ቧንቧ ከፍተን በአንድ ውዱእ ባልዲ የምናፈስ ሰዎች በዚህ ልናፍር ይገባል።

እስቲ እናስላው። በአንድ ክፍለ ጊዜ 30 ልጆች ይሠለጥናሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ለኢስቲንጃ፣ ለእጅና ለውዱእ 2 ሊትር ቢመደብ 60 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሦስት ማለት ነው። ሁሉም ልጅ ሽንት ቤት ስለማይገባ ትርፍ ይኖረዋል፤ ትርፉም ወለል ለማጠብ ይበቃል። ሮቶ መትከል የቻለ ማሰልጠኛ ይትከል። ያልቻለ ሦስት ጀሪካን፣ ክዳን ያለው አንድ በርሜልና መቅጃ ይዘጋጅ። ከበርሜሉ በመቅጃው እየተቀዳ ይውጣ እንጂ እጅ አይነከርበት። ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠሩ ካስተማሯቸው ነገሮች አንዱ ይበቃል። ትንሽ ጀሪካን በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በእግር በሚረገጥ ገመድ የሚያጋድል፣ እጅ ሳይነካው የሚያፈስ ማለት ነው።

ምን ምን ይሟላ?

አንድ ማሰልጠኛ ሽንት ቤቱን አሟልቷል ለመባል የሚከተሉት ሊኖሩት ይገባል እንላለን።

1. ለኢስቲንጃ የሚሆን እብሪቅ ወይም ጆግ። ባዶ ሃይላንድ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ይቆሽሻል። ጆጉ ከወለል ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

2. ሶፍት። አብረውን የሚሠለጥኑ ክርስቲያን ልጆች አሉ፤ ለእነርሱም ቤቱ ቤታቸው ነው። ውሃ ባለቀ ቀንም ለእኛው ልጆች ይጠቅማል፤ ውሃው የተሻለ ቢሆንም ነጃሳን በሚያጸዳ ደረቅ ነገር መጥረግ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነውና።

3. ሳሙና። "ሳሙና ስናስቀምጥ ይወሰዳል" የሚል ስሞታ በሁሉም ቦታ እንሰማለን። ሳሙናውን በመረብ ወይም በአሮጌ የእግር ሹራብ ከትቶ ከመታጠቢያው ጋር በገመድ ማሰር ይህን ያስቀራል፤ ጭቃ ላይ ወድቆ ከመቅለጥም ያድነዋል።

4. መጥረጊያ፣ መወልወያና ብሩሽ። እነዚህ ለሽንት ቤቱ ብቻ የተለዩ ይሁኑ። የሽንት ቤቱ መወልወያ ምንጣፉን እንዳይነካ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት።

5. በረኪና። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ወለሉ ከታጠበ በኋላ ይፈስበታል፤ 10 ደቂቃ ቆይቶም በውሃ ይለቀለቃል። በልምምድ ጊዜ ከአፍንጫ የፈሰሰ ደምም መጀመሪያ ተጠርጎ በዚሁ ይጸዳል። አደራ፣ በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትደባልቁ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የበጠበጣችሁትንም ለነገ አታሳድሩ፤ ኃይሉ ይደክማል።

6. ጉድጓዱ ደረቅ ከሆነ ክዳንና አንድ ጣሳ አመድ። አመዱ ዝንብና ሽታን ይቀንሳል፤ ከምድጃችን በነጻ ይገኛል።

አዲስ ለሚሠራ ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመጸዳዳት ሲቀመጡ ወደ ቂብላ መዞርንና ጀርባ መስጠትን ከልክለዋል። በግድግዳ ውስጥ ሲሆን ዑለማዎች በብይኑ ቢለያዩም መጠንቀቁ ይሻላል። ከአምባሰል መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው፤ ስለዚህ መቀመጫው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ይሁን። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ይህን ማሰብ ምንም ወጪ የለውም።

ሴቶች ልጆቻችን

ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። እኛ የምናውቃት አንዲት ታዳጊ፣ ስሟም የማሰልጠኛውም ስም እዚህ አያስፈልግም፣ አረንጓዴ ቀበቶ ድረስ በትጋት ሄዳ አቆመች። ቤተሰቧ የመሰለው ሰነፈች ብሎ ነበር። እናቷ ቀስ ብላ ስትጠይቃት እውነቱ ወጣ። የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ አልነበረውም። ለወንዱም ለሴቱም አንድ ነበር። ልጅቷ በስልጠና ቀን ሽንት እንዳይመጣባት ከቀትር ጀምሮ ውሃ አትጠጣም ነበር። በየወሩ በሀይድ ቀኖቿም ትቀራለች፤ አሰልጣኙም ለምን ቀረሽ ብሎ በሰው ፊት ይቆጣታል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህች ልጅ እርግጫውም ቡጢውም አላሸነፋትም። ያሸነፋት የአንድ መቀርቀሪያ መጥፋት ነው። ሐያእ ያላትን ልጅ አሳድገን ሐያእዋን የምትጠብቅበት በር ካልሰጠናት ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው። ስለዚህ ለሴቶች የተለየ ክፍል ይኑር። ሁለት ክፍል ከሌለ ሰዓቱ ይለይ። በሩ ከውስጥ ይዘጋ፤ ቀዳዳው ይደፈን። ክዳን ያለው የቆሻሻ ማስቀመጫ፣ ልብስ ማንጠልጠያ ምስማርና ለድንገት የሚሆን የንጽህና መጠበቂያ ሞዴስ በሴት ኃላፊ እጅ ይቀመጥ። አሰልጣኙም የቀረችን ልጅ ምክንያት በሰው ፊት አይጠይቅ። ምክንያቱን ለሴት ኃላፊዋ መንገሯ ይበቃል።

ማን ያጽዳው?

በአንዳንድ ማሰልጠኛዎች ሽንት ቤት ማጽዳት ያረፈደ ተማሪ ቅጣት ነው። ይህ ልማድ ቢቀር እንወዳለን። ሥራውን ቅጣት ስናደርገው ጽዳት ውርደት እንደሆነ እያስተማርን ነው፤ ነገ ያ ልጅ ቤት ሲመሠርት ሽንት ቤቱን ለሚስቱ ወይም ለእህቱ ይተዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር።

በወሎ የቂርኣት ቤቶች ደረሳው ኪታቡን የሚቀራው ኺድማ እያደረገ ነበር። ለውዱእ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ግቢ ይጠርጋል። ይህን የሚያደርገው ስላጠፋ አልነበረም፤ ዒልም ከኺድማ ጋር በረካ አለው ስለተባለ ነው። በጃፓን ማሰልጠኛዎችም ተማሪዎች ራሳቸው ወለሉን ይወለውላሉ፤ ይህም ከትምህርቱ እንደ አንድ ክፍል ይቆጠራል። ባሕሩ ቢለያይም ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር ተረድተዋል፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያላገለገለ ሰው ኃይል ሲይዝ ያስፈራል።

ስለዚህ ተራው ከላይ ይጀምር። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥቁር ቀበቶ ያለው ያጽዳ፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው እየተባለ እስከ ነጩ ይውረድ። ለየሳምንቱ ሁለት ሰው ይመደብ፤ ስማቸውም በሩ ላይ ይለጠፍ። ከስልጠና በፊት ውሃና ሳሙና መኖሩን ያያሉ፣ ከስልጠና በኋላ ወለሉን ያጥባሉ። ትንንሾቹ ውሃ ይቅዱ፣ ይጥረጉ፤ በረኪናውን ግን አዋቂ ይያዘው። ወጪውንም ወላጅ ይካፈለው። ሠላሳው ልጅ በወር አንድ አንድ ሳሙና ቢያመጣ በቀን አንድ ሳሙና ማለት ነው፤ የተረፈው በረኪናና ሶፍት ይገዛበታል።

ጉዳዩ የአንድ ማሰልጠኛ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ መስከረም 21 ብዙ ሺህ እንግዳ ወደ ግሸን ሲወጣ የሚያይ የአምባሰል ሰው፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ የሽንት ቤት ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ እንደሆነ ያውቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመንገድ ላይ፣ ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥርና በውሃ መውረጃ መጸዳዳትን የከለከሉት ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነው። የሙስሊም ልጅ ያጸዳው ሽንት ቤት ክርስቲያን ጓደኛውንም ከበሽታ ያድናል፤ ይህም አጅር አለው ኢንሻአላህ።

እንግዲህ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጃችሁን ስታደርሱ ከበሩ አትመለሱ። ለአሰልጣኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ "ሽንት ቤቱን ልየው" በሉ። መቀርቀሪያ ከጎደለ መቀርቀሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጀሪካን ከጎደለ ጀሪካን። እናንተም ወጣቶች፣ ቀበቶ ከማሰራችሁ በፊት ጀሪካኑን ሙሉት። አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ የሚጥራሩትን ከሚወዳቸው ባሮቹ ያድርገን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።