«ዘይት ከቀመስኩ አራት ወር ሆነኝ»

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ጸሐፊዋ ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች። አደራዋን ጠብቄ፣ ደብዳቤዋንም ጥቂት አሳጥሬ እነሆ ብያለሁ፦

«የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ከእናትና ከአባቴ፣ ከሁለት ወንድሞቼም ጋር ነው። ሠርጌ ለጥር ስለሆነ ትንሽ ልክሳ ብዬ ጂም ገባሁ። አሰልጣኙ ‹በቀን 1,500 ካሎሪ ይበቃሻል፤ ቅባት ግን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ› አለኝ። ይሄ ስንት ግራም እንደሆነ መጠየቅ አፈርኩ። ጓደኛዬ በካልኩሌተር መታችና ‹450 ግራም ነው› አለችኝ። ግማሽ ኪሎ ቅቤ ሊሞላ እኮ 50 ግራም ነው የቀረው! ይሄማ ጤና አይደለም ብዬ ጭራሽ ተውኩት። ዘይት ከቀመስኩ አራት ወር ሆነኝ። የምበላው እንጀራ፣ ቅቅል ካሮትና ቅቅል ጎመን ነው። መጀመሪያ ላይ ለውጡ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ በጠራራ ፀሐይ ይበርደኛል፣ የወር አበባዬም ከቀረ ሁለት ወሩ ነው። ከሁሉ የባሰብኝ የእናቴ ነገር ነው። ‹የእኔን ወጥ ተጸየፈች› እያለች ታለቅሳለች። በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይትና አንድ ኪሎ ቅቤ ከሚገባበት ድስት ውስጥ የራሴን ግራም እንዴት አድርጌ ልቁጠር? ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የወር አበባሽን ነገር እናንሳ። ይሄ በጋዜጣ ዓምድ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ሰውነት ከሚያስፈልገው በታች ለረጅም ጊዜ ሲበላ የወር አበባ ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን ከእርግዝና እስከ እንቅርት ዕጢ ችግር ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላልና በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይሽ። «ጥር ይለፍና» እንዳትይ። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢም «ዳይት ላይ ነኝ» ብለሽ እንዳታልፊው፣ አራት ወር ሙሉ የበላሽውንም የተውሽውንም አንድ በአንድ ንገሪው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ጓደኛሽ አልተሳሳተችም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች እንጂ። የ1,500 ሰላሳ በመቶ 450 ነው፤ ልክ ነው። ግን 450 ምን? ካሎሪ! ግራም አይደለም። አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ እንደ እንጀራ ያለው ኃይል ሰጪ ምግብና ሥጋው፣ ባቄላው የሚሰጡን ፕሮቲን በግራም 4 ካሎሪ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ 450ን ለ9 እናካፍላለን። ውጤቱ 50 ግራም ነው። በቀን 50 ግራም ቅባት ማለት ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ሦስት ማንኪያ ተኩል ቢሆን ነው። ከግማሽ ኪሎ ቅቤ ጋር ምን አገናኘው!

ካልኩሌተር ለሚሰለቸው አንባቢ አቋራጭ ልንገራችሁ። የቀን ካሎሪያችሁን ለ30 አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር የ30 በመቶው ግራም ነው። 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 67 ግራም አካባቢ፣ 2,400 ለሚበላ 80 ግራም። እኔ ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈልጌ አላውቅም።

ወደ አንቺ ልመለስና፣ «ከ30 አይበልጥ» ማለት «ዜሮ ይሁን» ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች ከቅባት የሚያገኙት ካሎሪ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመክራል። ታዲያ ወለልም አለው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የጤና ድርጅቱ በ2008 የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ለአብዛኛው አዋቂ ከ15 በመቶ እንዳይወርድ፣ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ደግሞ ከ20 በመቶ እንዳያንስ ብለዋል። ይሄ አንቺን ይመለከታል። ለ20 በመቶው አቋራጩ ለ45 ማካፈል ነው፤ 1,500 ለ45 ሲካፈል 33 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ያንቺ ሜዳ ከ33 እስከ 50 ግራም ነበር። አንቺ ከሜዳው ወጥተሽ አጥር ሥር ተቀመጥሽ።

ደግሞ ሌላ ያላየሽው ጉዳይ አለ፤ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ቅባቱን ስታስወግጂ 450 ካሎሪውም አብሮ ሄዷል። በቦታው ምን ተካሽ? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ካሮት እንደሆነ ሆድ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ካሎሪው ትንሽ ነው። 1,500 እየበላሁ ነው ስትይ የከረምሽው ምናልባት 1,000 አካባቢ ሆኖ ይሆናል። እየበረደሽ ቢሆን ምን ይገርማል?

ካሮቱና ጎመኑ ራሱ ተበድሏል። በውስጣቸው ያለው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ቅባት አብሮት ሲኖር ነው። ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚባሉት ቫይታሚኖችም እንዲሁ ናቸው። እናቶቻችን ጎመኑን በዘይት የሚያቁላሉት ለጣዕም ብቻ መስሎሽ ከሆነ፣ ሳያውቁትም ቢሆን ለዓይንሽ እያሰቡ ነበር። በዚህ ላይ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው፣ ከምግብ ብቻ የምናገኛቸው ሁለት የቅባት ዓይነቶች አሉ፤ አንደኛው በኑግና በሱፍ ዘይት፣ ሁለተኛው በተልባ ውስጥ በብዛት ይገኛል።

እሺ፣ ድስቱስ? እኔም አንድ ሰሞን ይሄ ሂሳብ ይዞኝ ነበር። ማንኪያ ይዤ ምድጃው አጠገብ ቆሜ «ቆይ፣ ልለካው!» እያልኩ ቤተሰቡን አስመርሬያለሁ። በመጨረሻ ከማዕድ ቤት ተባረርኩ፤ ተገቢም ነበር። ከአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ በማንኪያ አይለካም። ለእኛ ቤት የሚሆነው መለኪያ ጀሪካኑ ነው።

ያንቺኑ ቤት እንውሰድ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 5 ሊትሩ 4,600 ግራም መሆኑ ነው። ለአምስት ሰው፣ ለ30 ቀን። 5 በ30 ሲባዛ 150፤ 4,600 ለ150 ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 31 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። አንድ ኪሎው ቅቤ ተነጥሮ ሁሉንም ቅባት ነው ብንል እንኳ ለ150 ሲካፈል 7 ግራም አይሞላም። ድምሩ 38 ግራም! ከ33 በላይ፣ ከ50 በታች። አየሽ? አራት ወር የሸሸሽው የእናትሽ ወጥ አሰልጣኙ ካለው ልክ ውስጥ ነው።

በእርግጥ ይሄ አማካይ ነው። ወንድሞችሽ ካንቺ የበለጠ ሳይጎርሱ አይቀሩም፣ እንግዳም አለ፣ ትሪው ላይ ተጣብቆ የሚታጠበውም አለ። ዘይቱ ወጡ ላይ ሲንሳፈፍ ካየሽ በጭልፋ ገለል አድርገሽ ከሥር ጨልፊ፤ ማንም አይቀየምሽም። የቀረሽን 12 ግራም ደግሞ አስቢበት። አንድ እንቁላል 5 ግራም ያህል ቅባት አለው፣ አንድ ብርጭቆ ያልተቀነሰ ወተት 8 ግራም ያህል። ግማሽ አቮካዶ ወይም አንድ እፍኝ ለውዝ ግን እያንዳንዳቸው 15 ግራም አካባቢ ናቸው፤ እነሱን በበላሽ ቀን ከወጡ ቀነስ ማድረግ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ምን ዘይት ነው? የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ልብና የደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት፣ ማለትም እንደ ቅቤ የሚረጋው ቅባት፣ ከጠቅላላው ካሎሪ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። ላንቺ ይሄ 17 ግራም ገደማ ነው። ፓልም ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ቅባት በመሆኑ ከ31 ግራሙ ብቻ 15 ግራም ይወጣል፤ የቅቤው ሲጨመር ልኩን ያልፋል። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ከሆነ ግን ከቅቤው ጋር እንኳ 10 ግራም ያህል ቢደርስ ነው። ዋጋው እንደማይገናኝ አውቃለሁ፤ ቢቻል እያፈራረቁ መግዛት አንድ ነገር ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ብዙ ሰው «የጾም ምግብ ቅባት የለውም» ሲል እሰማለሁና። አንድ ወዳጄ በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ትቶ ቁርሱን ሳምቡሳ፣ መክሰሱን ቦምቦሊኖ እያደረገ «ጾሙ አወፈረኝ» ሲል ያማርራል። ምን ያድርግ ጾሙ!

አሰልጣኙንም እንዲሁ አልተወውም። 1,500 የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣው? ቁመትሽን፣ ክብደትሽን፣ ቀኑን ቆመሽ ትዋይ ወይ ተቀምጠሽ ጠይቆሻል? ለመጣ ሁሉ አንድ ቁጥር የሚያድል ሰው ልክ ሳይወስድ ሱሪ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ሐኪሙ ካየሽ በኋላ ምናልባት ከፍ ያደርግልሻል። 1,800 ካለሽ ለ30 ስታካፍዪ 60፣ ለ45 ስታካፍዪ 40 ግራም ነው፤ ሂሳቡ ያው ነው።

ዛሬ ማታ ታዲያ ማዕድ ቤት ግቢና ከእናትሽ ጎን ቁሚ። ስለ ግራም አታውሪላቸው። አዲሱ ጀሪካን ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ጻፊበት፣ ሲያልቅም ቀኑን ያዢ። ከዚያ እራት ሲቀርብ እጅሽን ታጠቢና ከወጡ ጉረሺ። እናትሽ ምን እንዳሉ፣ ሐኪሙም ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

ለሳምንት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ስለ እንቅልፉ የላከልኝን ደብዳቤ ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ።