ብድር ወገቡ አይዳሰስም

በግ ገበያ ላይ ደላላ ነውር አይደለም። ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ ዋጋ ላይ ሲጨቃጨቁ ያስማማል፣ የድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። ደግሞም ደላላው የፈለገውን ያህል ቢምል ቢገዘት ገዢው በጉን በዓይኑ ያያል። ወገቡን ይዳስሳል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይቆጥራል። መንዝ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ለመማር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ብድር ግን ወገቡ አይዳሰስም። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሰሞኑን በእኛ ዕድሜ ያሉ፣ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ወይም ለመክፈት የሚያስቡ ወዳጆቻችን አንድ ክርክር ይዘዋል። ገንዘብ በቀጥታ ከአበዳሪ ይሻላል ወይስ በደላላ? አብዛኞቹ ልክ እንደ ቤት ኪራይ ማስታወቂያ ‹‹ያለ ደላላ!›› ይላሉ። እኛ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተጣሟል እንላለን።

ለምን ቢባል፣ በዚህች አገር ከአራጣ አበዳሪ የበለጠ ‹‹ቀጥታ›› አበዳሪ የለም። ገንዘቡ የራሱ፣ ውሳኔው የራሱ፣ ኪሱም የራሱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በአራጣ ከተከሰሱት ነጋዴዎች መካከል ‹‹አይኤምኤፍ›› እና ‹‹ወርልድ ባንክ›› የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ነበሩ። እነሱ ጋ ለመድረስ ስንት በር ቢታለፍም ብሩ የሚወጣው ከራሳቸው ካዝና ነበር። ስለዚህ ቀጥታ መሆን ብቻውን ጽድቅ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የገንዘቡ ሙሉ ዋጋ ስንት ነው? ብድሩ ቢበላሽስ አብሮ የሚከስረው ማን ነው?

እስቲ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው በዘመሮ በዓል ሲደርስ በግ ሰብስቦ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚያወርድ አንድ ነጋዴ እናስብ። ለስድስት ወር 100,000 ብር ፈለገ። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው እንበል። የስድስት ወሩ 7,500 ብር ይሆናል። ይህስ አይከፋም። ብድሩን ያስጨረሰለት ደላላ ግን ‹‹አሥር ፐርሰንት›› ብሎ በመጀመሪያው ቀን 10,000 ብር ቆረጠ። ነጋዴው እጅ የገባው 90,000፣ የሚመልሰው 107,500 ነው። በ90,000 ብር ላይ በግማሽ ዓመት 17,500 ብር ከፈለ ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ 39 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ብድሩ የሦስት ወር ቢሆን ደግሞ ወለዱ በግማሽ ሲቀንስ የደላላው 10,000 ስለማይቀንስ ስሌቱ 61 በመቶ ይደርሳል። ውሉ ላይ ግን የሚነበበው ያው 15 በመቶ ነው።

ከዚያ በጎቹ ቢታመሙ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ገበያው ቢወድቅ ነጋዴው ይከስራል። አበዳሪውም ገንዘቡን ሲያሳድድ ይከርማል። ደላላው ግን ሒሳቡን የዘጋው ፊርማው ዕለት ነው። እዳው ለከፋበት ሰው መጨነቅ የሥራው አካል አይደለም። ‹‹ውስጥ ሰው አለኝ›› የሚለው ደላላማ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ይዋሻል፣ ወይ ጉቦ ያቀባብላል።

ለፍትሕ ያህል ግን ደላላ ከሰማይ አልወረደም። አበዳሪው ሩቅ ሲሆን ተበዳሪውን አያውቀውም፤ ተበዳሪውም ቅጹንና ደጁን አያውቅም። ደላላ የሚሸጠው ይህን መተዋወቅ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በ1987 ሲጀመር መላ ያበጀው ለዚህ ነበር። የቡድን ዋስትና ማለት ጎረቤት ለጎረቤት ምስክርም ዋስም ሆነ ማለት ነው። ማን ታታሪ እንደሆነ፣ ማን ዕዳ እንደሚክድ መንደሩ ያውቃል። ለዚያ ዕውቀት አሥር ፐርሰንት የሚቆርጥ አልነበረም፤ ዋሱም አብሮ ይከስር ነበር። የቡድን ዋስትና የራሱ ሸክም ነበረው፤ የአንዱ ዕዳ የሌላውን ጎጆ ያናጋል። ቢሆንም ምስክሩና ኪሳራው አንድ ቦታ ነበሩ።

አብቁተ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆነ። በዚያው ዓመት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በስልክ ብድር መስጠት ጀመረ። ደግ ነገር ነው፤ መተግበሪያ ‹‹ሻይ በለኝ›› አይልም። ይሁንና በስልክ የሚገኘው ብድር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የበጉን ነጋዴ ጭነት ላይሞላ ይችላል። ኔትወርክም አለ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በግጭቱ የተነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳል? ስክሪኑ ሲጨልም በሩ ላይ ቆሞ የሚገኘው ያው ደላላ ነው።

ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አራጣን በአንቀጽ 712 ይቀጣል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና መሬት ብቻ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና በግ ጭምር፣ መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ግን ‹‹ኮሚሽን›› ተብሎ በጆሮ የተነገረ ገንዘብ በየትኛው ወረቀት ላይ ይገኛል?

መላው ሩቅ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2022 በዲጂታል ብድር ላይ ባወጣችው መመሪያ ገንዘቡ ከአበዳሪው ሒሳብ በቀጥታ ወደ ተበዳሪው ሒሳብ እንዲገባ፣ የአገናኙን ክፍያ አበዳሪው ራሱ እንዲከፍልና ሙሉ ወጪው በዓመት ተሰልቶ ለተበዳሪው እንዲነገረው አዘዘች። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2018 ለትንንሽ ንግዶች ገንዘብ የሚያቀርቡ በርካታ ድርጅቶች ጠቅላላ ወጪውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ሕግ አወጣች። ደላላን ማንም አልከለከለም። ዋጋውን ግን ከኪስ አውጥተው ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ብሔራዊ ባንክም ይህንኑ ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል?

እስከዚያው ከተማ የምንኖር ልጆች አንድ ነገር እንችላለን። ከአገር ቤት አጎታችን ወይም እህታችን ደውለው ‹‹ብድር የሚያስጨርስ ሰው አግኝቻለሁ›› ሲሉን ‹‹ይቅርባችሁ›› ብለን ስልኩን አንዝጋ። ይልቅ ሦስት ጥያቄ እናስይዛቸው። እጄ የሚገባው ስንት ነው? ጠቅላላ የምመልሰው ስንት ነው? የአንተን ድርሻ የሚከፍለው ማን ነው፣ ደረሰኝስ አለው? ለሦስቱም በጽሑፍ የሚመልስ ደላላ ከተገኘ ደግ፤ ሥራውን ይሥራ። የማይመልስ ከሆነ ግን በጉን በጆንያ ውስጥ እንደቋጠረ ሊሸጥላቸው ነው።