ከቆርቆሮው በፊት የአፋርን ቤት እንይ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ምድር ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር በውጭ የምንኖር ወገኖች የምናዋጣው ገንዘብ ድንኳንና ቆርቆሮ ይሆናል። ለመሆኑ የአፋርን ቤት ልብ ብሎ ያየ አለ?

አሪ ይባላል። ሴቶቹ እንጨቱን እንደ ቀስት አጉብጠው፣ ሰሌን አልብሰው የሚሠሩት፣ በግመል ተጭኖ የሚጓዝ ድቡልቡል ቤት ነው። ማዕዘን ስለሌለው ነፋስ የሚገፋው ጎን አያገኝም። ቀላል በመሆኑ ቢወድቅ እንኳ እንደ ድንጋይ ግንብ ሰው አይጨፈልቅም። እሳትና ከባድ ዝናብ እንደሚበግሩት አልክድም። ግን “ኋላ ቀር” ስንል የኖርነው ይህንን ነው!

ሌላው ዓለም ወደዚሁ ቅርጽ ሲመጣ አይተናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 በኢንዶኔዥያ፣ ዮግያካርታ አካባቢ ከ5,700 በላይ ሰው የፈጀ ርዕደ መሬት ደረሰ። በዓመቱ ኒው ንገሌፐን በተባለ መንደር ወደ 80 የሚጠጉ የኮንክሪት ጉልላቶች ተሠሩ። ጠንካራ ናቸው፤ ሸክሙ በክቡ ላይ ተሰራጭቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ቤተሰብ ሲበዛ ግን ክብ ቤት ላይ ክፍል መቀጠል ከባድ ነው። ነዋሪዎቹ ወጥ ቤት ከኋላ ለጥፈው መሥራት ግድ ሆነባቸው።

ስለዚህ የኮንክሪት ጉልላት ይምጣልን አላልኩም። ገንዘብ ለምታሰባስቡ ወገኖች ግን ጥያቄ አለኝ፦ ቆርቆሮውን ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን የምትሠራዋን እናት ጠይቃችኋታል? የምትፈልገው እንጨትና ሰሌን ቢሆንስ?