ምድጃው ከደጅ ይደር

ውድ እናቶች፣ የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ሲገባ ብዙዎቻችን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት እናስገባለን። «ጭሱ ወጥቶለታል» ብለን በር ዘግተን እንተኛለን። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ ከሌለው፣ አመድ ከለበሰ ፍምም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ምድጃው ከደጅ ይደር። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያላችሁም ወቅቱ ሳይገባ ገመዱ እንዳልተላጠ፣ ሶኬቱ እንዳልጠቆረ ተመልከቱ። ታፍኖ የተገኘ ሰው ቢኖር በርና መስኮት ከፍታችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ ሳትዘገዩም ሐኪም ቤት አድርሱት። ማድ ቤት ለምታድረው ሠራተኛችንም ከፍም ይልቅ ብርድ ልብስ እንጨምርላት፤ እርሷም የእናት ልጅ ናት።