ድምፅ በመቶኛ ይሰላል፤ ወንበር ግን በሰፈር ነው

ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በሙምባይ የአክሲዮን ገበያ የዋሉት ነጋዴዎችና ደላሎች «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ተረት ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የሕንድ ምርጫ ድምፅ አሰጣጥ ተጠናቋል። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ መራጮችን እየጠየቁ ግምት የሚያወጡ ድርጅቶችም ገዥው ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ (ቢጄፒ) ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ከ543ቱ የፓርላማ ወንበሮች ከ350 እስከ 400 የሚደርሰውን ይጠራርጋል ብለው ተንብየዋል። ሰኞ ገበያው ሲከፈት ግዢው ጦፈ። የ30 ታላላቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው ሴንሴክስ በአንድ ቀን ከ2,500 ነጥብ በላይ ዘሎ 76,468 ላይ ሲዘጋ፣ እስከዚያ ቀን ተዘግቶበት የማያውቅ ከፍታ ላይ ደረሰ።

በማግስቱ ማክሰኞ ድምፅ ተቆጠረ። ቢጄፒ ብቻውን ያገኘው 240 ወንበር ሆኖ ተገኘ። ለብቻ መንግሥት ለመመሥረት የሚያስፈልገው 272 ነው። ሴንሴክስ 4,389 ነጥብ ወይም 5.7 በመቶ ወርዶ 72,079 ላይ አረፈ። ወደ 31 ትሪሊዮን ሩፒ የሚጠጋ የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ በነነ። ሰኞ በደስታ የገዛው ማክሰኞ በድንጋጤ ሸጠ።

ከዚያ በኋላ ወቀሳው ሁሉ በግምት አውጪዎቹ ላይ ወረደ። በእርግጥ ስተዋል። ይሁንና ገበያተኛው ራሱ የሠራው ስህተት ከነሱ ስህተት ይበልጣል። የአገሩን ምርጫ እንደ አንድ ሰው አስተያየት ቆጥሮ «ሕዝቡ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «የት ያለው ሕዝብ ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀም። መንግሥት የሚመሠረተው በወንበር ነው፤ ወንበር የሚገኘውም በየምርጫ ክልሉ ነው።

አኃዙ ይናገር። ቢጄፒ በ2019 እ.ኤ.አ. ምርጫ ከመላው ሕንድ ድምፅ 37.4 በመቶ አግኝቶ 303 ወንበር ያዘ። በ2024 እ.ኤ.አ. ያገኘው ድምፅ 36.6 በመቶ ነው። የጎደለበት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የጎደለበት ወንበር ግን 63 ነው። ተቃዋሚው ኮንግረስ በበኩሉ ድምፁን ከ19.5 ወደ 21.2 በመቶ ቢያሳድግ ነው፤ ወንበሩ ግን ከ52 ወደ 99 ተመነደገ። ጠቅላላውን መቶኛ ብቻ ይዞ ለገበያ የወጣ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ በአንድራ ፕራዴሽ የተወሰነው ቴሉጉ ዴሳም ፓርቲ ከአገሪቱ ድምፅ ያገኘው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የደረሰው ግን 16 ወንበር ነው። ባሁጃን ሳማጅ የተባለው ፓርቲ ደግሞ 2 በመቶ በትንሹ አልፎ አንድም ወንበር ሳያገኝ ቀረ። የመጀመሪያው ድምፁን በአንድ ሰፈር ከመረ፤ የሁለተኛው ድምፅ በሰፊ አገር ላይ እንደ ጤፍ ተበተነ። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት ሁለተኛ መውጣት ከአሥረኛ አይሻልም።

እንግዲህ የቢጄፒ ድምፅ ሳይቀንስ ወንበሩ የት ገባ? መልሱ ያለው በካርታው ላይ ነው። በደቡቡ ታሚል ናዱ ፓርቲው ቀድሞ 4 በመቶ የማይሞላ ድምፅ ነበረው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከ11 በመቶ በላይ አገኘ፤ ወንበር ግን አንድም አላገኘም። በፑንጃብ ከቀድሞ አጋሩ ተለይቶ በሁሉም ክልሎች ዕጩ በማቅረቡ ድምፁ ወደ እጥፍ ቢጠጋም፣ የነበሩትን ሁለት ወንበሮች አጣ። በእነዚህ ስፍራዎች የተሰበሰበው ድምፅ አገራዊውን መቶኛ ደግፎ አቆመው፤ ፓርላማ ውስጥ ግን ዋጋ አላወጣም። በኦዲሻ ግን ነገሩ ሰምሮለት ከ21 ወንበሮች 20ውን ጠቀለለ፤ ከዚያ በፊት 8 ነበረው።

ጉዳቱ የደረሰው ከሰሜንና ከምዕራብ ነው። 80 ወንበር ባላት በኡታር ፕራዴሽ የቢጄፒ ድምፅ ከ50 በመቶ አካባቢ ወደ 41 ወርዶ ወንበሩ ከ62 ወደ 33 አሽቆለቆለ። ሳማጅዋዲ ፓርቲና ኮንግረስ በየክልሉ አንድ ዕጩ ብቻ ለማቅረብ በመስማማታቸው ቀድሞ ይበታተን የነበረው የተቃዋሚ ድምፅ አንድ ላይ ገባ። ገዥው ወገን «ከ400 በላይ» እያለ መፎከሩም «ይህን ያህል ወንበር ሕገ መንግሥቱን ሊቀይርበት ነው» የሚል ሥጋት በዝቅተኛ መደብ ማኅበረሰቦች ዘንድ አሳደረ። በጥር 2016 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት የራማ ቤተ መቅደስ የተመረቀባት የአዮዲያ ከተማ የምትገኝበት የፋይዛባድ ምርጫ ክልል ሳይቀር ከ54 ሺህ በሚበልጥ የድምፅ ልዩነት ለሳማጅዋዲ ዕጩ ሄደ። የጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ የራሳቸው ክልል ቫራናሲም አሸናፊ ቢያደርጋቸው፣ የድምፅ ልዩነታቸው ከ479 ሺህ ወደ 152 ሺህ ወርዷል።

ለነጋዴ ግን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የማሃራሽትራ ጉዳይ ነው። ሙምባይ፣ ማለትም የአክሲዮን ገበያው ራሱ የሚገኝባት ግዛት ናት። በዚያ የቢጄፒ ድምፅ ከ28 ወደ 26 በመቶ ገደማ ነው የወረደው፤ ወንበሩ ግን ከ23 ወደ 9። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሁለት የአካባቢው ፓርቲዎች ለሁለት መከፈላቸውና የመራጩ ቅያሜ ድርሻ አላቸው። ከነዚህ ጋር ግን ሽንኩርት አለ።

ከሙምባይ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የናሺክ አካባቢ የሕንድ የሽንኩርት ጎተራ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የከተማው ሸማች በምርጫ ዋዜማ በዋጋ እንዳይማረር በማለት ሽንኩርት ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። በከተማ ዋጋው ተረጋጋ፤ በገበሬው ማሳ ግን ወደቀ። ዕገዳው የተነሳው በሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ እሱም ቢሆን በቶን ከ550 ዶላር በታች እንዳይሸጥና 40 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት ተደርጎ ነበር። ለገበሬው «በሬ ካራጁ ይውላል» ዓይነት ነገር ሆነበት። ናሺክና ጎረቤቷ ዲንዶሪን ጨምሮ በሽንኩርት አምራቹ አካባቢ ያሉ ወንበሮች ለተቃዋሚዎች ገቡ። ገዥው ወገንም ሽንኩርት እንደጎዳው ኋላ አልሸሸገም።

የሙምባይ ደላላ ይህን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም ነበር። የሽንኩርት ገበያውን ዋጋ በየቀኑ ማየት ይበቃዋል። ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ግን ሌላ ነው። የመንገድና የባቡር ግንባታ፣ እየናረ የሚሄድ አክሲዮን፣ ረክቶ የሚያወራ ባልደረባ። የከተማ ሰው የሰፈሩን ወሬ የአገር ወሬ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ «ገበያው በዚያው ሳምንት አርብ አገግሞ 76,693 ላይ ዘግቶ የለም ወይ? ታዲያ ምን ተጎዳ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው አግባብ አለው። ሴንሴክስ በሦስት ቀን ውስጥ የወደቀበትን መልሶ ከሰኞውም ከፍታ አልፏል። ያገገመው ግን ለምንድን ነው? ቴሉጉ ዴሳም በ16 ወንበሩ፣ የቢሃሩ ጃናታ ዳል ዩናይትድ በ12 ወንበሩ ከሞዲ ጋር እንደሚቆሙ በማረጋገጣቸው ነው። ጥምረቱ 293 ወንበር ይዞ መንግሥት መሠረተ። ገበያውን ያረጋጉት እንግዲህ ሁለት የግዛት ፓርቲዎች ናቸው። ውለታው ደግሞ በነጻ አልነበረም። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በቀረበው በጀት ለአንድራ ፕራዴሽ አዲስ ዋና ከተማ ለአማራቫቲ 150 ቢሊዮን ሩፒ፣ ለቢሃር መንገዶች 260 ቢሊዮን ሩፒ ተመደበ። አክሲዮን ነጋዴውን በሚመለከት ደግሞ ከአጭር ጊዜ ሽያጭ ትርፍ የሚቆረጠው ግብር ከ15 ወደ 20 በመቶ ከፍ አለ፤ የረጅም ጊዜውም ከ10 ወደ 12.5።

ጠቅላላው መለኪያ ቢመለስም በውስጡ ያለው የዋጋ ሚዛን ተለውጧል። ድምፅ በተቆጠረባት ማክሰኞ በመንግሥት ይዞታ ያሉ ባንኮች፣ የኃይልና የነዳጅ ድርጅቶች አክሲዮን ከአሥር በመቶ በላይ ሲወድቅ፣ ሳሙና፣ ሻይና የመሳሰሉትን ለገጠሩ የሚሸጡ ኩባንያዎች ዋጋ በዚያው ቀን ጨመረ። አንዳንዱ ብልህ ገዢ «ወንበር በገጠር ከጠፋ መንግሥት ፊቱን ወደ ገጠር ያዞራል» ብሎ አስቦ ነበርና። አልተሳሳተም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የሽንኩርቱ የመሸጫ ዋጋ ገደብ ተነሳ፤ ቀረጡም ወደ 20 በመቶ ተቆረጠ። ከሁለት ወር በኋላ በተካሄደው የማሃራሽትራ ምክር ቤት ምርጫ ቢጄፒና አጋሮቹ ከ288 ወንበሮች 230 ያህሉን አፈሱ። የሽንኩርቱ ውሳኔ ብቻ ይህን አመጣ ማለት አይቻልም። ወንበር ፖሊሲን፣ ፖሊሲም ዋጋን እንደሚያንቀሳቅስ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያም የምርጫ ሥርዓት እንደ ሕንድ ሁሉ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘውን ብቻ የሚያስገባ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። መርካቶ ውሎ የገባ ሰው አገሩ በሙሉ በአንድ ወገን የቆመ ቢመስለው አያስደንቅም። ብርቱ ክርክር ባስነሳውና ደም ባፋሰሰው የመጨረሻ ውጤት መሠረት ግን ከ547 ወንበሮች 327ቱ የኢሕአዴግ፣ 109ኙ የቅንጅት ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማዋ 23 ወንበሮች 22ቱ ለኢሕአዴግ ገቡ። በመካከሉ የመሪዎች እስርና የፖለቲካ ምኅዳር መጥበብ ስላለ ውጤቱን በሒሳብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ነገር ግን የከተማዋን ድምፅ ለተጋሩ ፓርቲዎች ወንበሩ እንደ ድምፃቸው አለመከፋፈሉ ሊዘነጋ አይገባም።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ፖለቲካ የአክሲዮንን ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት መንገድ ለዚህ አገር ገንዘብ አውጪም የተከፈተ ነው። ባንክ፣ ሲሚንቶ፣ ስኳርና ቡና መንግሥት በሚያወጣው መመሪያ የሚነኩ ዘርፎች ናቸው፤ መመሪያውን የሚያወጣው አካል ደግሞ ወንበሩ ከየት እንደመጣና ከየት ሊጎድል እንደሚችል አስልቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ገንዘቡን የሚጠብቅ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ለውጡ የት ነው? እዚያ ያሉት ወንበሮች ስንት ናቸው? እዚያ ያለው ሰው የሚሸጠውና የሚገዛው ምንድን ነው?

የሙምባይ ገበያ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ አንድ ሰኞ ዋለ። መልሱ በጆንያ ተሞልቶ ናሺክ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።