በርጩማው አለ፤ ጠራቢውስ?

ጓደኞቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነቀምቴ ካለው የወለጋ ሙዚየም ገብታችሁ የእንጨት ሥራውን አይታችሁ፣ «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ ወጥታችኋል። ታዲያ የጠረበው ማን ነው? ከየትኛው እንጨት? ከማንስ ተማረ? ዝም!

ወለጋ ወረቀት አጥቶ አይደለም። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. የተጻፉትን የወለጋ ታሪክ ሰነዶች ተሰማ ታኣና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው አሳትመዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ዛሬ ስለነኩምሳ ሞረዳ አስተዳደር በማስረጃ የምንከራከረው ወረቀቱ ስለተረፈ ነው። ጌታው ጸሐፊ ነበረው። እንጨት ጠራቢውስ?

አንዳንዱ «ዕቃው ካለ ምን ቀረ?» ይላል። ብዙ ቀረ እንጂ! ገበቴ ዋንዛው ሳይደርቅ እንደሚፈለፈል፣ ኋላም እንዳይሰነጠቅ ከፀሐይ ርቆ ቀስ እያለ እንደሚደርቅ ገበቴው አፍ አውጥቶ አይነግረንም። የሚያውቀው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ያረጃል።

ሌላው «ልጁ ከአባቱ ይማራል» ይላል። ልጁማ ገበያውን ፕላስቲክ ሳህን ሲወስድበት ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዷል፤ አልፈርድበትም። ቶርኖውንም አልጠላም። ዛሬ የአልጋ እግር በቶርኖ የሚያወጣው ወጣትም ነገ ታሪክ ነው፤ እሱም ይመዝገብ።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ንቀት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡን አዋጅ ይከለክለዋል፤ ዝምታውን ግን ማን ይከልክል? የሰውን ሥራ እያደነቁ ስሙን አለመጠየቅ የተማረ ሰው ንቀት ነው። ይህን ደግሞ የምንፈጽመው እኛው ነን።

ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ደምቢዶሎ ስንገባ አንዳንድ ደብተር እንያዝ። የባለሙያውን ስምና መንደር፣ የእንጨቱንና የመሣሪያውን ስም በኦሮምኛም በአማርኛም፣ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ ያስተማረውንና የተማረበትን ሰው እንጻፍ። ፈቅዶ ከሆነ ድምፁንም እንቅዳ፣ ፎቶም እናንሳ። አንዱ ቅጂ ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለሙዚየሙ፣ አንዱ ለራሱ ለባለሙያው ይሰጥ። በጀትና ኮሚቴ ይቋቋም እያልን ከጠበቅን፣ «ኦቦ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለን የምንጠይቀው ሰው አይኖርም።

በርጩማው ላይ ተቀምጠን ጠራቢውን ከረሳን፣ የተማርነው መቀመጥ ብቻ ነው።