ከሐራ እስከ ሪያድ፦ የመጓጓዣና የማረፊያ ክፍተት ለደላላ አይተው

(ዜና ትንታኔ)

በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኘው ሐራ የመንገድ ከተማ ናት። ከወልድያ ተነስቶ በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ የሚዘልቀው መንገድ ያልፍባታል። ከሚሌ ወዲያ ያለው ጎዳና ደግሞ በሎጊያና በሠመራ አድርጎ እስከ ጋላፊ፣ ከዚያም እስከ ጅቡቲ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የአዋሽ - ኮምቦልቻ - ሐራ ገበያ የባቡር መስመር መዳረሻ፣ ከዚያ ወደ መቀሌ እንዲዘልቅ የታቀደው መስመርም መነሻ እንድትሆን የተመረጠችው በዚሁ የመጋጠሚያነት ባህርይዋ ምክንያት ነው።

ይሁንና ለእህልና ለከብት ንግድ የተመቸው ይኸው መንገድ የአካባቢውን ወጣቶችም ይዞ ይሄዳል። የሰሜን ወሎና የደቡብ ወሎ ዞኖች ወደ ሳዑዲ አረቢያና ወደ ሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች በርካታ ዜጎች ከሚጓዙባቸው የአገራችን አካባቢዎች መካከል እንደሚገኙ ይታወቃል። ከእነዚህ ከፊሎቹ ሕጋዊውን የሥራ ስምሪት ተከትለው በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን ሲሄዱ፣ ከፊሎቹ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል የሚያልፈውንና የምሥራቁ መስመር በመባል የሚታወቀውን አደገኛ ጉዞ ይመርጣሉ።

በስደት ጉዳይ ላይ በየደረጃው በሚካሄዱ ውይይቶች በቅድሚያ የሚነሱት የሥራ አጥነት፣ የመሬት ጥበትና የአቻ ግፊት ጉዳዮች ናቸው። እነዚህ መሠረታዊ መንስኤዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን ለመሄድ የወሰነ አንድ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። በምን እሄዳለሁ? የት አድራለሁ? ስደርስ ማን ይቀበለኛል? የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቀድሞ መልስ የሚሰጠው አካል ማን እንደሆነ መመርመር ለችግሩ መፍትሔ ለማፈላለግ ይረዳል።

ደላላው በመሠረቱ የሚሸጠው ሥራ አይደለም። ሥራው ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው። እርሱ የሚያቀርበው መኪና፣ የማደሪያ ቦታና በየመድረሻው የሚቀበል ሰው ነው። በብዙ አጋጣሚዎችም ክፍያው በጉዞው መጨረሻ እንደሚፈጸም በመንገር ቤተሰብ ገንዘብ ሳያወጣ ልጁን እንዲለቅ ያደርጋል። ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ይህ አቀራረብ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አሠራር ይልቅ ቀላልና የተሟላ መስሎ ይታያል።

የዚህ አገልግሎት ትክክለኛ መልክ የሚገለጠው ግን በመንገድ ላይ ነው። ተጓዦች በጭነት መኪና ታጭቀው ወይም በሙቀቱ ውስጥ በእግራቸው ተጉዘው ኦቦክ የባህር ዳርቻ ይደርሳሉ። ከዚያ ከአቅም በላይ በተጫኑ ጀልባዎች የባብ ኤል ማንደብን ወሽመጥ ይሻገራሉ። ማረፊያ ተብሎ ቃል የተገባላቸው ሥፍራ የመን ሲደርሱ የታጠረ ግቢ ሆኖ ያገኙታል። በላህጅ ግዛት ራስ አል-አራን በመሳሰሉ አካባቢዎች አጋቾች ስደተኞችን አስረው እያሰቃዩ ከቤተሰቦቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከሐራ ሲነሱ ነፃ የተባለው ጉዞ ዋጋው የሚነገረው በዚያን ጊዜ ነው። በሬ ተሸጦ፣ መሬት ተከራይቶ፣ ብድር ተገብቶ የሚከፈለው ዕዳም በሀብሩ ወይም በአጎራባች ወረዳዎች ባለ ቤተሰብ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የባህሩ አደጋም ቀጥሏል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም በሁለት ሳምንት ልዩነት ውስጥ በጅቡቲ የባህር ጠረፍ በደረሱ ሁለት የጀልባ አደጋዎች ከ50 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በሁለቱም ጀልባዎች የተሳፈሩት ኢትዮጵያውያን ከየመን በመመለስ ላይ የነበሩ መሆናቸው ደግሞ ሊጤን ይገባል፤ የመመለሻ መጓጓዣ የሌለው ስደተኛ ለመሄድ በከፈለው የሕይወት አደጋ ልክ ለመመለስም ይከፍላል። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም በየመን አቢያን ግዛት አቅራቢያ በሰጠመ ጀልባም ከ60 በላይ ስደተኞች ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በሌላ በኩል ሕጋዊው የስምሪት ሥርዓት ስለ መጓጓዣና ስለ ማረፊያ ምን ይላል? የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። በ2008 ዓ.ም የወጣውና በ2013 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪዎችን በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ የመጓጓዣ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ሽፋን ወጪዎች የአሠሪው ናቸው። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ወጪዎች ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ለውጭ አገር ሥራ መመልመልም የተከለከለ ነው።

አዋጁ ከዚህም አልፎ ፈቃድ የሚጠይቅ ኤጀንሲ በተቀባይ አገር ተወካይ እንዲኖረውና ለሠራተኞች ጊዜያዊ መጠለያ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጥሏል። ለሠራተኞች መብት መከበር ማስያዣ የሚሆን የገንዘብ ዋስትናም ይጠይቃል። አገራችን በመጋቢት 1991 ዓ.ም ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ስምምነት ቁጥር 181 ደግሞ ኤጀንሲዎች ከሠራተኞች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ወይም በመድረሻ አገር የሚገኝ የመጀመሪያ ማደሪያ ዋጋ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሰው ሌላው አካል እንዲከፍለው በሕግ የተወሰነን ወጪ ከሠራተኛው እየወሰደ መሆኑን መረዳት ይቻላል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ክፍተቱ የት ላይ ነው? በጉዞው ሰንሰለት ውስጥ ኃላፊነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ከመነሻ ቀበሌ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ነው። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። አንዲት ከሐራ የምትነሳ ወጣት ለሕክምና ምርመራ፣ ለውል ማጽደቂያና ለቅድመ ጉዞ ገለጻ ዋና ከተማዋ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስ ሊኖርባት ይችላል። የአሠሪው የመጓጓዣ ግዴታ በተግባር የሚታሰበው ከአውሮፕላን ትኬቱ ጀምሮ በመሆኑ የአውቶቡስ ዋጋውና የከተማው የአልጋ ኪራይ የእርሷ ነው። ዘመድ የሌላት ከሆነ ደላላው ወይም የእርሱ ቢጤ ማደሪያ ያዘጋጅላታል። ፓስፖርቷን የሚይዝባት፣ በዕዳ የሚያስገባት፣ አንዳንዴም ሐሳቧን አስለውጦ በየብስ እንድትሄድ የሚያግባባት በዚህ ጊዜ ነው። በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር መንገዶች በየጊዜው እንዲዘጉ ማድረጉም ቆይታውን ሲያራዝመውና ወጪውን ሲያንረው ቆይቷል።

ሁለተኛው ክፍተት በመድረሻ አገር አውሮፕላን ማረፊያና በአሠሪው ቤት መካከል ያለው ነው። ሠራተኛዋ ስትደርስ የሚቀበላት ማን እንደሆነ፣ አሠሪው ቢዘገይ ወይም ባይመጣ የት እንደምታድር፣ ከአሠሪው ጋር ባትስማማ ወዴት እንደምትመለስ ከመነሳቷ በፊት ማወቅ ይኖርባታል። በሕጉ የተጠየቀው ጊዜያዊ መጠለያ አድራሻው በእጇ ካልገባ ለእርሷ እንደሌለ ይቆጠራል። በ2012 ዓ.ም በሊባኖስ የኢኮኖሚ ቀውስ በተባባሰበት ወቅት አሠሪዎች በርካታ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጥለዋቸው መሄዳቸው አይዘነጋም። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በዚያው አገር ጦርነት ሲባባስም አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ሠራተኞች መጠለያ አጥተው ተንከራተዋል።

ሦስተኛው መመለሻው ነው። በኅዳር 2006 ዓ.ም የጀመረው ከሳዑዲ አረቢያ የማስወጣት እርምጃ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎችን ወደ አገር ቤት መልሷል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ከዚያው አገር የመመለስ ሥራ ተጀምሯል። በሁለቱም ወቅቶች በአዲስ አበባ ጊዜያዊ ማቆያዎች ተዘጋጅተው ተመላሾች ወደየአካባቢያቸው የሚጓዙበት ሁኔታ ተመቻችቷል። ይህ የሚያሳየው የመቀበል አቅም በአስቸኳይ ጊዜ መገንባት የሚቻል መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ በግል ተቸግራ በአንድ ሌሊት በረራ ባዶ እጇን ለምትመለስ አንዲት ሴት ያ አገልግሎት ዘመቻው ሲያበቃ አብሮ ይታጠፋል።

ማረፊያና መጓጓዣ ሳይታሰብበት ሕዝብ ማንቀሳቀስ ምን እንደሚያስከትል ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም በደርግ መንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተወሰዱት 600 ሺህ ያህል ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ከወሎ የተነሱ ነበሩ። በርካቶቹ የተጓዙት በተጨናነቀ መጓጓዣ፣ የደረሱትም በቂ መጠለያና ሕክምና ባልተዘጋጀበት ሥፍራ በመሆኑ የብዙዎች ሕይወት አልፏል። ያ ፕሮግራም ከዛሬው የሥራ ጉዞ በዓላማውም በአፈጻጸሙም የተለየ ቢሆንም የሚሰጠው ትምህርት ግን ተመሳሳይ ነው፤ መድረሻው ሳይዘጋጅ መነሻው መከፈት የለበትም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። ፊሊፒንስ በ1987 ዓ.ም ባወጣችው የስደተኛ ሠራተኞች ሕግ በርካታ ዜጎቿ በሚሠሩባቸው አገሮች በኤምባሲዎቿ ሥር የሠራተኞች የድጋፍ ማዕከላት እንዲቋቋሙ ደንግጋለች። የውጭ አገር ሠራተኞቿን ደህንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤትም በማኒላ ለተጓዥና ለተመላሽ ሠራተኞች ማረፊያ ያቀርባል። የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ተጓዡ ከቤቱ እስኪወጣና እስኪመለስ ድረስ በየደረጃው ተጠሪ መሥሪያ ቤት የሚያገኝ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ማረፊያና መጓጓዣ ማመቻቸት ስደትን ማበረታታት አይሆንም ወይ? የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው አገራችን ራሷ ያለፈችበት ተሞክሮ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረግ የሥራ ጉዞ ታግዶ እስከ 2010 ዓ.ም ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ሕጋዊው በር ቢዘጋም በየብስና በባህር የሚደረገው ፍልሰት አልተገታም። መሄድ የማይቀር ሲሆን የሚቀረው ምርጫ ተጓዡን ለሕግ ወይም ለደላላ ማስረከብ ነው። በአገር ውስጥ የሥራ ዕድል መፍጠር ምንጊዜም ቀዳሚው መፍትሔ ሲሆን፣ የተጓዦችን ደህንነት መጠበቅ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ሳይሆን ጎን ለጎን የሚሄድ ተግባር ነው።

ከዚህ አኳያ በወረዳና በዞን ደረጃ ብዙ በጀት ሳይጠይቁ ሊከናወኑ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። በቅድሚያ በየወረዳው የሚገኙ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ በአንድ ገጽ የሚጠቃለል የጉዞ መረጃ መስጠት ይችላሉ። በገጹ ላይ የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ሁኔታ፣ ትኬቱን የሚከፍለው አካል፣ በመድረሻ አገር የሚቀበላት ተወካይ ስልክ፣ የጊዜያዊ መጠለያው አድራሻና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ ሊሰፍሩ ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ጉዞው ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። ቅጂውም በቤተሰብ እጅ መቅረት አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን ወደ ተጓዡ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ፓስፖርት በደሴ ቅርንጫፍ ማግኘት መቻሉ የሐራን ነዋሪ የአዲስ አበባ ምልልስ ይቀንስለታል። የሙያ ሥልጠናና የብቃት ምዘናም በወልድያና በመርሳ እስከተሰጠ ድረስ በዋና ከተማዋ የሚታደሩት ሌሊቶች ያንሳሉ። የሚቀሩት ጉዳዮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው እንዲፈጸሙ ቀጠሮዎችን ማቀናጀት፣ ተጓዦችም በቡድን ሆነው እንዲሄዱ ማድረግ የመሥሪያ ቤቶችን ቅንጅት እንጂ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

በሦስተኛ ደረጃ በሕግ የተሰጡ ሥልጣኖች በተግባር መዋል አለባቸው። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 መልማዩን ብቻ ሳይሆን ድርጊቱን እያወቀ ቤት ወይም ተሽከርካሪ የሚያቀርበውንም ተጠያቂ ያደርጋል። ስለሆነም በሐራና በጭፍራ መስመር የሚሠሩ አሽከርካሪዎች፣ የመናኸሪያ ሠራተኞችና የአልጋ ቤት ባለቤቶች ሕጉን እንዲያውቁት ማድረግ፣ አውቀው የሚተባበሩትን ደግሞ ለፍርድ ማቅረብ የሰንሰለቱን ዋና ዋና መገጣጠሚያዎች ይበጥሳል።

በመጨረሻም የመመለሻው ጉዳይ እንደ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን እንደ ዘወትር ሥራ መታየት አለበት። ከቦሌ ወልድያ የሚያደርስ የአውቶቡስ ዋጋና የአንድ ሌሊት ማደሪያ ከባድ ወጪ አይደለም። ይህ ሳይዘጋጅላት የቀረች ተመላሽ ግን በአብዛኛው መጀመሪያ የምታገኘው ሰው ቀድሞ የላካትን ደላላ ወይም የእርሱን ቢጤ ነው፤ ሁለተኛው ጉዞም ከዚያው ይጀምራል።

በጥቅሉ ሲታይ የመጓጓዣና የማረፊያ ጉዳይ ከስምሪት ሥርዓቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ሕጉ ወጪውን በአሠሪው፣ መጠለያውን በኤጀንሲው ላይ አድርጓል፤ ክትትሉ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። በቀበሌና በወረዳ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሠራተኛ ተመዝጋቢውን ከመሸኘቱ በፊት "የት ታድራለህ? ማን ይቀበልሃል?" ብሎ መጠየቅንና መልሱን በጽሑፍ መቀበልን ልማድ ካደረገ በሐራ ጎዳና ላይ የሚጠብቀው ደላላ ዋናው ሸቀጡን ያጣል። የሚመለከታቸው አካላትም ለዚሁ ተግባር ሊረባረቡ ይገባል።